ረጅሙ ቆይታ ራሱ ሥራው ነው፦ «ሰማይ ላይ ታስረዋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። የሚናገረው በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚቆዩ ጠፈርተኞች ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝና ተማሪዎቼ ጽሑፉን ስልካቸው ላይ እያሳዩ እውነት መሆኑን ጠይቀውኛል፤ በፒያሳ ሻይ ቤቶችም የጨዋታ ርዕስ ሆኗል። አማርኛው ያማረ፣ ሐሳቡም ለሰው ልጅ ከማዘን የመነጨ ስለሆነ እንደ ተራ ወሬ ንቆ ማለፍ አይገባም። ይሁን እንጂ በዋና ዋና ነጥቦቹ ተሳስቷል ብዬ ስለማምን ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠትን መርጫለሁ።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ እርሳቸው ራሳቸው ሊቀበሉት በሚችሉት መልክ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እነዚህ ሰዎች የተላኩ ሳይሆኑ የታሰሩ ናቸው ይላሉ፤ ለ8 ቀን ሄደው 9 ወር የቆዩትን ሁለት አሜሪካውያንና ሰማይ ላይ ሳለ አገሩ የፈረሰችበትን የሶቪየት ጠፈርተኛ በማስረጃነት ያቀርባሉ። ቀጥለው፣ የስበት ኃይል በሌለበት የኖረ ሰውነት ዳግመኛ እንደማይጠገን፣ የአንዱ ጠፈርተኛ ዘረመል እንኳ በ7 በመቶ እንደተቀየረ ይጽፋሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው፣ በቀን 16 ጊዜ ፀሐይ በምትወጣበት ስፍራ ጾምም ሶላትም ስለማይቻል አማኝ ሰው እዚያ ሊኖር አይገባም የሚል ነው። አራተኛ፣ እዚያ የሚሠራውን ሁሉ ሮቦት ሊሠራው ይችላል፤ አምስተኛ፣ ለተራበ ሊውል የሚገባው ገንዘብ እየባከነ ነውና ይህ ረሃብን ለሚያውቅ የወሎ ሰው ስድብ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ጣቢያው ወድቆ የሩብ ምዕተ ዓመት ልፋት ባሕር እንደሚበላው ያስጠነቅቃሉ።

እነዚህን ነጥቦች ሁሉ የሚያገናኝ አንድ መሠረታዊ ስሕተት ያለ ይመስለኛል። ጸሐፊው የቆይታውን ርዝመት እንደ ድንገተኛ ጉዳት ወይም እንደ ቅጣት ቆጥረውታል። ጣቢያው የተሠራው ግን ሰው እዚያ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ነው። የሰው ልጅ አጥንት፣ ዓይን፣ የደም ሥርና እንቅልፍ በሁለት ሳምንት የማይናገሩትን በ6 ወርና በአንድ ዓመት ይናገራሉ፤ ርዝመቱ ከተነሣ ከጥናቱ ትልቁ ክፍል አብሮ ይነሣል። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማለትም ከደሴ አዲስ አበባ ያለው የመንገድ ርቀት ሽቅብ ቢለካ በሚደርስበት ቦታ፣ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን ይዞራል። ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ጀምሮ ደግሞ ሰው ተለይቶት አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ በጁን 5 ቀን 2024 የቦይንግን ስታርላይነር ለመፈተሽ ሲነሡ ለ8 ቀን ያህል እንደሚቆዩ ታስቦ እንደነበር እውነት ነው። መንኮራኩሯ ወደ ጣቢያው ስትቃረብ ከገፊ ሞተሮቿ 5ቱ ሥራ አቆሙ፤ ሂሊየምም ታፈስ ነበር። ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ጸሐፊው በዚህ ላይ ያነሡትን ወቀሳ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልነገሩንም። ናሳ ሰዎቹን በተጠረጠረ መንኮራኩር ለመመለስ ስላልደፈረ ስታርላይነር በሴፕቴምበር ባዶዋን ወረደች። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የስፔስኤክስ ድራጎን ከ4 መቀመጫዎቿ 2ቱን ለእነርሱ ክፍት አድርጋ ጣቢያው ላይ ቆመች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሁለቱም የሚወርዱበት መቀመጫ ነበራቸው። እስከ ማርች 18 ቀን 2025 የቆዩት መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ ድራጎኗ ተተኪዎች ሳይመጡ ብትወርድ የጣቢያው የአሜሪካ ክፍል በአንድ ሰው ብቻ ይቀር ስለነበር ነው። በእነዚህ 286 ቀናት ውስጥ ዊሊያምስ የጣቢያው አዛዥ ሆናለች፤ ከጣቢያው ውጭ በሠራችው ጠቅላላ ሰዓትም ከሴቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆና ተመልሳለች። አንድን እስረኛ የእስር ቤቱ ኃላፊ አድርጎ የሚሾም ማን ነው?

የሰርጌይ ክሪካልዮቭ ታሪክ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በሜይ 1991 ከሶቪየት ኅብረት ተነሥቶ ወደ ሚር ጣቢያ ወጣ፤ በማርች 1992 ሲመለስ የላከችው አገር አልነበረችም። 5 ወር ገደማ የታሰበው ቆይታ 10 ወር ሆነ። ይህ በገንዘብ እጥረትና በፖለቲካ ቀውስ የመጣ እንደነበረ ጸሐፊው ያሉት ትክክል ነው። ሆኖም ከሚር ጋር ሁልጊዜ የተያያዘች የሶዩዝ መንኮራኩር ስለነበረች መውረድ ይቻል ነበር፤ ወርዶ ቢሆን ግን ጣቢያው የሚጠብቀው አጥቶ ይቀር ነበር። ጸሐፊው የዘለሉት ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ነው። ተጥሎ የቀረ የተባለው ይህ ሰው ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ወደ ጠፈር ሄዷል፤ በ2000 በዓለም አቀፉ ጣቢያ ለመኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ከገቡት ሦስት ሰዎችም አንዱ እርሱ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ሊጠቅሱት ሲችሉ ያልጠቀሱት ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ ለሙግታቸው የሚጠቅም ቢሆንም እኔው ላንሣው። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ፍራንክ ሩቢዮ በሴፕቴምበር 2022 ለ6 ወር ሄዶ ሳለ ያመጣችው ሶዩዝ በዲሴምበር ማቀዝቀዣ ፈሳሿን አፍስሳ ጨረሰች፤ ምትክ ሰው አልባ መንኮራኩር እስክትላክና ተራው እስኪስተካከል 371 ቀን ቆየ። ሩቢዮ ራሱ፣ ዓመት እንደሚሆን ሥልጠናው ሳይጀመር ቢነገረው ኖሮ በቤተሰቡ ምክንያት እምቢ ይል እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ ቆይታው የማይጎዳው ሰው የለም የሚል ክርክር የለኝም። ሕይወታቸውን ለአደጋ ሥራ የሰጡ ሰዎች ዕቅድ ሲዛባባቸው ማየት ግን አንድ ነገር ነው፤ ተጣሉ ማለት ሌላ ነው። በየጊዜው ምድር ላይ ያሉት ሰዎች ያደረጉት ውሳኔ የማይታመነውን መንኮራኩር ትቶ የሚታመነውን መጠበቅ ነበር። ሦስት ሰዎች የሞቱበት የጁን 1971ቱ ሶዩዝ 11 አደጋ የደረሰው ጣቢያ ላይ ሳይሆን ሳልዩት 1 ከተባለው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ሲመለሱ ነበር፤ የመመለሻ መንኮራኩር ላይ መጠንቀቅ ከየት እንደመጣ ይህ ብቻውን ያስረዳል።

ስለ ሰውነት የተጻፈው ክፍል በጣም የተሰራጨው ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስለት። በመጀመሪያ፣ እዚያ የስበት ኃይል የለም የሚለው ስሕተት ነው። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምድር ስበት እኛ ዘንድ ካለው 90 በመቶ ያህሉ አለ። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው ያለማቋረጥ እየወደቁ ስለሆነ ነው። ከአዝዋ ገደል አፋፍ ድንጋይ ወደ ፊት ብንወረውር ጥቂት ሄዶ ይወድቃል፤ ጠንክረን ብንወረውር ራቅ ብሎ ይወድቃል፤ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ልንወረውረው ብንችልና አየሩ ባያግደው ኖሮ ግን ምድር ከሥሩ እየጎበጠች ስለምትሸሽ መሬት ሳይነካ ዙሪያዋን ይዞር ነበር። ጣቢያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገሩ የቃላት ማስተካከያ ብቻ አይደለም፤ ሰውነትን የሚጎዳው ክብደት አለመሰማቱ ከሆነ፣ ክብደትን በሌላ መንገድ በሰውነት ላይ መመለስ ይቻላል ማለት ነውና።

የሚደረገውም ይኸው ነው። ያለ ስፖርት የዳሌና የእግር አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ጥግግቱን ያጣል፤ ይህ አስደንጋጭ ቁጥር ነው፣ ጸሐፊውም በትክክል ጠቅሰውታል። ያልጠቀሱት እያንዳንዱ ጠፈርተኛ በየቀኑ 2 ሰዓት ያህል ለስፖርት እንደሚመደብለት ነው። በመሮጫ ማሽኑ ላይ የሚቆመው ሰው መጀመሪያ ትከሻውንና ወገቡን የሚያቅፍ ማንገቻ ይለብሳል፤ ከግራና ከቀኝ የሚሳቡ ገመዶች ማንገቻውን ወደ ማሽኑ ይጎትቱታል፤ ያን ጊዜ እግሩ መሬት እንደረገጠ ሰው ጫና ይሰማዋል። ማንገቻው ትከሻ ስለሚሸረክት ልኩን ማስተካከል ራሱ ሥራ ነው። ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ብረት ማንሣትን የሚተካ ሌላ መሣሪያ አለ። እዚያ ብረት ክብደት ስለማይኖረው፣ መሣሪያው አየር ከወጣለት ሲሊንደር ጋር እየታገሉ ቁጢጥ ብድግ እንዲሉበት ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ መሣሪያ ከገባ በኋላ የአጥንት መሳሳቱ በጉልህ ቀንሷል። አልጠፋም፤ ከ6 ወር በላይ ቆይተው ከተመለሱት መካከል ከዓመት በኋላም የቅልጥም አጥንታቸው ሙሉ በሙሉ ያላገገመ ብዙዎች እንዳሉ በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግን ይህን ራሱን ያወቅነው ሰዎች ረጅም ጊዜ ቆይተው፣ ሲመለሱም ዓመት ሙሉ ስለተለኩ ነው።

ጸሐፊው ጠፈርተኞች ካዛኪስታን ሜዳ ላይ ከሶዩዝ ተጎትተው ወጥተው በወንበር ሲሸከሟቸው የሚያሳየውን ፎቶ ለጥፈው ሽባ ሆነው ተመለሱ ብለዋል። ሰዎቹን በወንበር ማስቀመጥ ለተመላሽ ሁሉ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ለወራት ያለ ክብደት የኖረ የጆሮ ውስጥ ሚዛን ግራ ይጋባል፣ ደምም ወደ እግር ስለሚወርድ ድንገት መቆም ራስን ሊያስት ይችላል፤ አብዛኛው ሰው በቀናት ውስጥ መራመዱን ያስተካክላል። ሐኪሙ ቫሌሪ ፖልያኮቭ በሚር ላይ ከጃንዋሪ 1994 እስከ ማርች 1995 ያለማቋረጥ 437 ቀን ቆይቶ ሲያርፍ፣ ሰው ማርስ ላይ ቢያርፍ በእግሩ መቆም እንደሚችል ለማሳየት ብሎ ከመንኮራኩሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን አጭር ርቀት በራሱ እግር ሄዷል። ያ ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም።

የ7 በመቶው ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ ባይሆንም። በ2015 እና 2016 ስኮት ኬሊ 340 ቀን ጠፈር ላይ ሲቆይ መንትያ ወንድሙ ማርክ ምድር ላይ ሆኖ አብሮ ይመረመር ነበር። በ2018 በርካታ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የስኮት ዘረመል በ7 በመቶ ተቀይሯል ብለው ዘገቡ፤ ናሳም ወዲያው አስተባበለ። የተለካው የዘረመሉ ጽሑፍ መለወጥ አልነበረም፤ የትኛው ዘረመል ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነበር። ከተለወጠው አሠራር አብዛኛው ሲመለስ ተስተካከለ፤ ከ6 ወር በኋላ ያልተስተካከለው 7 በመቶ ያህል ነበር። ለመሆኑ ቁጥሩ ራሱ አያጠራጥርም ወይ? በሰውና በቺምፓንዚ መካከል እንኳ ያለው የዘረመል ልዩነት፣ ጎን ለጎን ሊነጻጸር በሚችለው ክፍል ሲታይ፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ነው። 7 በመቶ የተለወጠ ሰው ተመልሶ ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጥ ባልቻለ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ዛሬም አንድ ዓይነት መንትዮች ናቸው።

በአንጻሩ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፏቸው ሁለት ጉዳዮች በእውነት የሚያሳስቡ ናቸው። አንደኛው ዓይን ነው፤ ፈሳሽ ወደ ጭንቅላት ስለሚያይል በረጅም ቆይታ የአንዳንዶች የዓይን ነርቭ ያብጣል፣ የዓይን ኳሳቸውም ከኋላ ጠፍጠፍ ይላል፤ ፍቱን መፍትሔ ገና አልተገኘለትም። ሁለተኛው ጨረር ነው። ምድር ላይ ያለ ሰው ከተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን፣ ጣቢያው ላይ 6 ወር የቆየ ሰው 80 እና ከዚያ በላይ ሊደርሰው ይችላል። ለዚህም ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ የዕድሜ ልክ ጣሪያ አድርጎ 600 ሚሊሲቨርት ወስኗል። ጸሐፊው በሐሰተኛው የዘረመል ወሬ ፋንታ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ቢቆሙ ኖሮ ለመመለስ እኔም በተቸገርሁ ነበር።

እዚህ ላይ ለከተማችን የሚቀርብ አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 ሁለት የጣቢያው ነዋሪዎች፣ አንዳቸውም ሐኪም ሳይሆኑ፣ ምድር ያለ ባለሙያ መሣሪያውን ወዴት እንደሚያንቀሳቅሱ በድምፅ እየነገራቸው የትከሻ አልትራሳውንድ አነሡ፤ ምስሉም ለምርመራ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። ከዓመታት በኋላ፣ ስሙ ባልተገለጸ ሌላ ጠፈርተኛ ላይ ለጥናት ተብሎ በተነሣ አልትራሳውንድ አንገቱ ያለው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ታየ። ሕመም አልተሰማውም ነበር። ጣቢያው ላይ የነበረው የደም ማቅጠኛ መርፌ ውስን ስለነበር ሐኪሞቹ መጠኑን ቆጥበው አስጀመሩት፤ የሚዋጠው መድኃኒት ቀጥሎ በጭነት መንኮራኩር ደረሰለት፤ ወደ ምድርም በሰላም ተመለሰ። ይህ ጉዳይ በ2020 መጀመሪያ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከደላንታ ወይም ከወረባቦ ሪፈር ተጽፎለት፣ ለአንድ አልትራሳውንድ ሲል መኪና ተኮናትሮ ደሴ የሚመጣ በሽተኛ ያየ ሰው፣ ሐኪም ሩቅ ሆኖ የጤና ባለሙያን እጅ ሊመራ መቻሉን እንደ ቀላል ነገር አያየውም። ዘዴው ነገ ጤና ጣቢያዎቻችን ይደርሳል እያልሁ አይደለም፤ ምንም አልተገኘም የሚለው ግን ልክ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጾምና ሶላት የተባለው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ፍስኩም ጾሙም፣ አዛኑም ቅዳሴውም ተከባብረው በሚኖሩባት በወሎ ጥያቄው ቢነሣ አይገርመኝም፤ ተገቢም ነው። የሚገርመኝ ጸሐፊው ጥያቄው መልስ እንዳላገኘ አድርገው ማቅረባቸው ነው። ማሌዥያዊው ሼይኽ ሙስዛፋር ሹኮር በኦክቶበር 2007፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ ወደ ጣቢያው በሄደ ጊዜ የአገሩ ዑለማዎች አስቀድመው መመሪያ አውጥተውለት ነበር። የሶላቱ ወቅት በ16ቱ የፀሐይ መውጫ ሳይሆን በተነሣበት ቦታ ሰዓት ይቆጠራል፤ ቂብላው፣ ማለትም የሶላቱ አቅጣጫ፣ በተቻለ መጠን ወደ ካዕባ፣ ካልተቻለም ወደ ምድር፣ እርሱም ካልሆነ ወደቻለበት ይሆናል፤ ጾሙን እዚያው ሊጾም ወይም ተመልሶ ቀዳ ሊያወጣ፣ ማለትም ያለፈውን ጾም በሌላ ቀን ሊጾም ይችላል። ዒዱንም እዚያው አክብሮ ካመጣው ምግብ ባልደረቦቹን ጋብዟል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶቹ ሱልጣን አልነያዲ ደግሞ በ2023 6 ወር ሲቆይ ረመዳንም ሁለቱ ዒዶችም እዚያው አልፈውበታል፤ መንገደኛ ስለሆነ ጾሙ ግዴታ እንደማይሆንበትም ከመሄዱ በፊት አስረድቷል። የኦርቶዶክስ አማኝ የሆኑ ሩሲያውያንም የጣቢያውን የሩሲያ ክፍል ግድግዳ በሥዕለ አድኅኖ አስጊጠውታል፤ የልደትን በዓል የሚያከብሩትም በጃንዋሪ 7፣ እኛ ገናን በምናከብርበት ዕለት ነው።

ቀንና ሌሊት ጠፍቷል መባሉም አይጸናም። ጣቢያው በግሪኒች ሰዓት ይተዳደራል፤ ሠራተኞቹ በዚያ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲነቁ ደሴ ላይ ረፋዱ 3 ሰዓት ነው። የእንቅልፍ ችግር ግን እውነት አለ፤ የመብራቶቹ ቀለም ለመነሻና ለመኝታ እንዲለዋወጥ ሆኖ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሮቦት አጭር መልስ ይበቃል። ምድርን ፎቶ ማንሣትና የአየር ጠባይ መከታተል ሰው አልባ ሳተላይት በርካሽ የሚሠራው ነውና በዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ነገር ግን በ2007 የጣቢያው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሲዘረጋ በተቀደደ ጊዜ፣ ስኮት ፓራዚንስኪ በረጅም የማሽን ክንድ ጫፍ ላይ ታስሮ፣ ባልደረቦቹ ጣቢያው ውስጥ ከተገኘ ሽቦና ቁርጥራጭ በሠሩለት ማያያዣ ቀዳዳውን ጠግኖታል፤ ሰሌዳው ኤሌክትሪክ እያመነጨ ስለነበር ሥራው ሕይወት የሚያሰጋ ነበር። ኤ.ኤም.ኤስ የተባለውን የኮስሚክ ጨረር መመርመሪያም፣ ጠፈር ላይ እንዲጠገን ታስቦ ያልተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ሉካ ፓርሚታኖና አንድሩ ሞርጋን በ2019 እና 2020 አራት ጊዜ ወጥተው የማቀዝቀዣ ቱቦውን ቆርጠውና ቀጥለው አድነውታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው አጥንት እንዴት እንደሚሳሳ በሮቦት ላይ ሊጠና አይችልም።

የገንዘቡን ነገር ጸሐፊው በሐዘን ስለጻፉት እኔም በጥንቃቄ ልመልስ። ናሳ ለጣቢያው በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ብዙ ገንዘብ ነው። የጠፈር ጠበቆች ነን የሚሉም ወጪውን ለማስዋብ ያጋንናሉ፤ ቬልክሮን የመሰሉ ቀድሞ የነበሩ ነገሮችን ሁሉ የጠፈር ውጤት ያደርጓቸዋል። ወሎ በተራበበት በ1966 ዓ.ም. የአሜሪካው ስካይላብ ጣቢያ ሦስት ሰዎችን ይዞ ከላይ ይዞር እንደነበር ጸሐፊው የጻፉትም እውነት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሠራተኞቹ ከኖቬምበር 1973 እስከ ፌብሩዋሪ 1974 ለ84 ቀናት ቆይተዋል። ሁለቱ በአንድ ወቅት መሆናቸው ያማል። አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑ ግን አልታየም። ያን ረሃብ ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያገኘው፣ ሕዝቡ ባለቀበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ይልቁንም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን እንደነበር ነው። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር፤ በዚያ ላይ መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ስካይላብ ባይኖርም ያ እህል ደሴን አልፎ በሄደ ነበር።

እንዲያውም ከሰማይ የሚመጣው መረጃ ለረሃብ ጉዳይ ጠላት አይደለም። ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ በ1985 የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የዝናብና የእርጥበት ሁኔታን በሳተላይት ምስል ይከታተላል። እውነቱን ለመናገር ያ መረጃ በአብዛኛው የሚገኘው ሰው ከማይኖርባቸው ሳተላይቶች ነው። ሆኖም ከ2018 ጀምሮ የጠፈር ጣቢያው ላይ የተገጠመ ኢኮስትሬስ የተባለ መሣሪያ የዕፅዋትን ሙቀት እየለካ ሰብል ሳይጠወልግ ውሃ እንደተጠማ ያሳያል። ጣቢያው አንዱን ቦታ በተለያየ ሰዓት ስለሚያልፈው ሰብሉ በጠዋትም በቀትርም እንዴት እንደሚሆን ማየት ይቻላል። ጸሐፊው የተሳለቁበት የሽንት ውሃም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ በ2023 ጣቢያው ከሽንት፣ ከላብና ከትንፋሽ እርጥበት ጭምር 98 በመቶውን ውሃ መልሶ ለማግኘት በቅቷል። ውሃ በፈረቃ ለምንጠብቅ ሰዎች በዚህ መሳቅ ብዙም አያምርብንም።

ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2019 ከቻይና ያመጠቀቻትን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ን ጸሐፊው በዚያው ወቀሳ ውስጥ መጨመራቸው ደግሞ ሚዛን የሳተ ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ግብርናንና የተፈጥሮ ሀብትን ለመመልከት የተሠራች ሳተላይት ነች፤ ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪዋም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ነበረች። እርሷን ሰው ከሚኖርበት ጣቢያ ጋር በአንድ መዝገብ መጻፍ አይገባም። ከሳተላይቷ የተገኘው መረጃ ለገበሬው ምን ያህል ደረሰው ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ እኔም አብሬያቸው እጠይቃለሁ።

የቀረው ጣቢያው በላያችን ይወድቃል የሚለው ስጋት ነው። ስካይላብ በ1979 ያለ በቂ ቁጥጥር ወርዶ ስባሪው ምዕራብ አውስትራሊያ ላይ መውደቁን ጸሐፊው በትክክል አስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ሚር በማርች 2001 ሆን ተብሎ ደቡብ ፓስፊክ ውስጥ እንዲወርድ ተደርጓል፤ ለአሁኑ ጣቢያም ናሳ ከ2030 በኋላ በዚያው ዓይነት ሰው አልባ ውቅያኖስ ላይ የሚያወርደውን መንኮራኩር እንዲሠራ በጁን 2024 ለስፔስኤክስ ሰጥቷል። ሰው በምሕዋር መኖሩም በዚህ አያበቃም፤ የቻይናው ቲያንጎንግ ከጁን 2022 ጀምሮ ሠራተኞቹን እያፈራረቀ ሰው ሳይለየው እየዞረ ነው። ባሕር የሚገባው ከ400 ቶን በላይ የሚመዝነው ብረት ነው። የጠፈርተኞቹ የደምና የሽንት ናሙናዎች፣ የአጥንታቸው ምስሎች፣ የዓይን ነርቫቸው ልኬት ወደ ምድር የወረዱት ግን ገና ሰዎቹ እዚያ እያሉና እንደተመለሱ ነው፤ የስኮትና የማርክ ኬሊ ውጤትም በ2019 ታትሞ ወጥቷል።